የጄን ኦስተን ልብ ወለድ በአማርኛ፦ ማን ማንን ‹አንቺ› ይላል? ‹ጥሎሽ› የሚለው ቃልስ ይሠራል?

ቀለም ቀንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። የጄን ኦስተንን ‹‹ፕራይድ ኤንድ ፕረጀዲስ›› ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ነኝ። ያስቸገረኝ ዐረፍተ ነገሩ አይደለም፤ የመተጫጨቱ ሥርዓት ነው። ረቂቁን ያነበቡት ሰዎች ሁሉ የሚደናቀፉት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ባለጠጋው ዳርሲና ከአምስቱ የቤኔት ልጆች ሁለተኛዋ ኤልሳቤጥ በ‹እርስዎ› ይነጋገሩ ወይስ በ‹አንተ› እና በ‹አንቺ›? የሚለወጥ ከሆነ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ ነው? ሁለተኛ፣ ልጃገረዶቹ ይዘውት የሚገቡትን ገንዘብ ‹ጥሎሽ› ብዬዋለሁ። አንባቢዎቹ ግን ‹‹ታዲያ አምስት ሴት ልጆች ያሉት አባት ምን አሳሰበው? ጥሎሹ ይመጣለት የለም ወይ?›› ይሉኛል። ሦስተኛ፣ ‹‹ለምን ሽማግሌ አልላከም? አባትየው እያሉ ልጅቷን ለብቻዋ መጠየቅ ምን ማለት ነው?›› የሚል ጥያቄ ይመጣል። አራተኛውና ዋናው፣ የአባቷ ዘመድ ኮሊንስ ኤልሳቤጥን ለጋብቻ የሚጠይቅበት ምዕራፍ 19 ነው። በእንግሊዝኛው እምቢታዋ እንደ ድንጋይ የጸና ነው። በእኔ አማርኛ ግን የምትግደረደር ትመስላለች። የት ላይ ነው ያበላሸሁት?

ሰዋስው

ከ‹እርስዎ› ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

የኦስተን ገጸ ባሕርያት አንድ ‹ዩ› ብቻ ነው ያላቸው። ‹ዛው› የሚባለው የጥንቱ ቃል መጽሐፉ በታተመበት በ1813 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከጸሎት፣ ከግጥምና ከአንዳንድ የገጠር አነጋገር በቀር ከሰው አፍ ጠፍቷል። ስለዚህ ርቀትና ቅርበት የሚታየው በስም አጠራር ነው። በሌላው የኦስተን መጽሐፍ፣ በ‹‹ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ›› ውስጥ ዊሎቢ ማሪያንን ‹ሚስ› ሳይል በስሟ ብቻ ሲጠራት እህቷ ኤሊነር ትሰማና ተጫጭተዋል ብላ ትደመድማለች። አንድ ስም ብቻ ነው የሰማችው፤ ለእሷ ግን በቂ ማስረጃ ነበር። የአማርኛ ተርጓሚ ይህን ክብደት ሊያስቀምጥ የሚችለው ተውላጠ ስሙ ላይ ነው፤ በዚህ በኩል ቋንቋችን ከእንግሊዝኛው የበለጠ መሣሪያ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ተውላጠ ስም ከመምረጥዎ በፊት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይሂዱና እያንዳንዱ ሰው ሌላውን በምን ስም እንደሚጠራው ብቻ በሠንጠረዥ ይያዙ። አጠራሩ የሚለወጥበትን ገጽ ያስምሩበት። ‹አንተ›ም ‹አንቺ›ም መግባት የሚችሉት እዚያ መስመር ላይ ነው።

በዚህ ስሌት እህትማማቾቹ በ‹አንቺ› ይነጋገራሉ። አባት ለልጆቹ ‹አንቺ›፣ ልጆቹ ለአባትና ለእናት ‹እርስዎ›። ያላገቡ ወንድና ሴት ከሁለቱም ወገን ‹እርስዎ›፤ ይህ መኮንኑን ዊካምንም ይጨምራል፤ ምላሱ ቢለሰልስም አጠራሩ ሥርዓቱን አይለቅም። ምዕራፍ 56 ላይ የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን ኤልሳቤጥን ‹አንቺ› ትበላት፣ ኤልሳቤጥ ግን ‹እርስዎ›ን ሳትለቅ ትመልስላት። በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጡ ሴትዮ ሲያንቋሽሿት፣ ልጅቷ አክብሮቷን ሳታጓድል አንዲት ጋት አለመሸሿ በአማርኛ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታያል።

ዳርሲ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ምዕራፍ 34 ላይ ኤልሳቤጥ በእንግድነት ወዳረፈችበት የኮሊንስ ቤት፣ ሀንስፈርድ መጥቶ ፍቅሩን ሲናገር እጅ ወደ ‹አንቺ› ይሄዳል፤ ‹‹እወድሻለሁ›› ከ‹‹እወድዎታለሁ›› ይልቅ ስለሚጣፍጥ። አይፍቀዱለት። እሱ በ‹አንቺ›፣ እሷ በ‹እርስዎ› ከሆኑ አንባቢው የሚያየው ጌታና አገልጋይ ነው፤ ያኔ እምቢታዋ ድፍረት ይሆናል እንጂ የእኩያ መልስ አይሆንም። ሁለቱም በ‹እርስዎ› ይቆዩ። ለውጡ የሚመጣው ምዕራፍ 58 ላይ ነው፤ ከተቀበለችው በኋላ ስለ አስተዳደጉ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ‹ሚስ› ሳይል ‹ኤልሳቤጥ› ይላታል። ‹አንቺ› እዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፣ አንድ መስመርም አይቅደም። እሷ እስከዚያ ‹ሚስተር ዳርሲ› ማለቷን ስለማትተው ‹እርስዎ›ን ትያዝ፤ ምዕራፍ 60 ላይ እንዴት እንደወደዳት እየቀለደች ስታስለፈልፈው ወደ ‹አንተ› ትሻገር። በሦስት ጥራዝ የተከፈለ እትም ከያዙ 34 ማለት የሁለተኛው ጥራዝ 11፣ 58 የሦስተኛው 16፣ 60 ደግሞ የሦስተኛው 18 ነው።

‹ወይዘሪት ቤኔት› የሚለውን ይተዉት፣ ‹ሚስ ቤኔት› ይበሉ። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ ልጅቷን በአባቷ ስም የጠሯት ይመስላል። ከዚህ የባሰም ወጥመድ አለ። ‹ሚስ ቤኔት› የታላቂቱ የጄን መጠሪያ ናት፣ ታናሾቹ ‹ሚስ ኤልሳቤጥ›፣ ‹ሚስ ሜሪ› እየተባሉ ይጠራሉ። ጄን በሌለችበት ግን ማዕረጉ ወደ ኤልሳቤጥ ይዞራል። ስለዚህ ኬንት ባለው የሌዲ ካትሪን ቤት፣ ሮዚንግስ ውስጥ ‹ሚስ ቤኔት› የምትባለው ኤልሳቤጥ ናት፤ ያልተጠነቀቀ ተርጓሚ ጄንን ወደ ኬንት ይወስዳታል። የኤልሳቤጥ ወዳጅ ሻርሎት ሉካስም ኮሊንስን ካገባች በኋላ ‹ሚስስ ኮሊንስ› ስትባል የእኛ አንባቢ አዲስ ሰው መጣች ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ‹ሻርሎት› የሚለውን አብረው ያስገቡለት።

ዶሴ

‹ጥሎሽ›ን ዛሬውኑ ያውጡት። ጥሎሽ ከወንድ ወገን ወደ ሴት ይሄዳል፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። አንባቢዎችዎ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ነው ያሳሳታቸው። ‹የጋብቻ ድርሻ› ወይም ‹ይዛ የምትገባው ገንዘብ› ይበሉ። ማጠር የለበትም፣ አቅጣጫው ይታወቅ እንጂ።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ሴራውን ስለሚያንቀሳቅሱ በጥንቃቄ ይያዙ። የቤኔት ርስት በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል፣ ግን በውል የታሰረ ነው፤ ለወንድ ወራሽ ብቻ ስለሚተላለፍ አባትየው ሲሞቱ ለኮሊንስ ይሄዳል። ለእናትና ለልጆቹ በጋብቻ ውል የተቀመጠው 5,000 ፓውንድ ነው፤ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዷ 1,000። ያም ቢሆን እናትየው ካላለፉ እጅ አይገባም። በ4 ከመቶ ወለድ 1,000 ፓውንድ በዓመት 40 ፓውንድ ይሰጣል። ለሚዛን ያህል፣ በ1847 የታተመው የሻርሎት ብሮንቴ ‹‹ጄን ኤር›› ውስጥ የቤት አስተማሪዋ ከምግብና ከማደሪያዋ በተጨማሪ የምታገኘው ደመወዝ በዓመት 30 ፓውንድ ነው። በሌላው ወገን የዳርሲ ወዳጅና የጄን ፈላጊ ቢንግሊ ወደ 100,000 ፓውንድ ወርሶ ከዚያ በዓመት 4,000 ወይም 5,000 ያገኛል፣ የዳርሲ ገቢ 10,000 ነው፣ የእህቱ የጆርጂያና ድርሻ 30,000። ኤልሳቤጥ ምዕራፍ 34 ላይ በዓመት 10,000 የሚያገኘውን ሰው የመለሰችው በዓመት 40 ፓውንድ ተስፋ ይዛ ነው። እነዚህን ወደ ብር አይመንዝሩ፤ የዛሬው ምንዛሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ገጹን ያስረጀዋል፣ በገጸ ባሕርያቱ መካከል ያለውን ርቀትም አያሳይም። ፓውንዱን እንዳለ ይተዉና አንዱን ከሌላው ጋር አንባቢው እንዲያመዛዝን ምዕራፍ 1 ግርጌ ላይ የአስተማሪዋን ደመወዝ ብቻ ያስቀምጡ።

‹ርስት› ያልኩትም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ርስት ሲባል የአማራ ገጠር ሥርዓት ትዝ የሚለው አንባቢ ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ድርሻ እንደሚደርሳት ያውቃል። ስለዚህ ‹‹የአባታቸውን ርስት ለምን አይወርሱም?›› ማለቱ አይቀርም። መልሱ የእንግሊዝ ሕግ ሴትን በጠቅላላ ከውርስ ከለከለ የሚል አይደለም፤ ሌዲ ካትሪን ራሷ የልጇ ውርስ እንዲህ ያልታሰረ መሆኑን በኩራት ትናገራለች። የቤኔት መሬት የታሰረው በዚያ ቤተሰብ ውል ነው። ወንድ ልጅ ቢወለድ ኖሮ፣ ዕድሜው ሲደርስ አባትና ልጅ ተስማምተው እስሩን መፍታት ይችሉ ነበር፤ አባትየውም ለዓመታት ሳይቆጥቡ የኖሩት ያንን ልጅ እየጠበቁ ነው። ‹ርስት› የሚለውን ትተው ‹የታሰረ ርስት› ወይም ‹ለወንድ የታሰረ መሬት› ቢሉ አንድ ቅጽል ብዙ የግርጌ ማስታወሻ ይተካል።

ሌላው፣ የእኛ አንባቢ የሰማኒያ ጋብቻን ያውቃል፤ ባልና ሚስት ካልተስማሙ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት ተካፍለው ይለያያሉ። ይህ በልቡ ካለ የኤልሳቤጥን ፍርሃት ማጋነን ያደርገዋል። በኦስተን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ተንቀሳቃሽ ንብረቷ በሙሉ የባሏ ይሆናል፤ ከዚህ የሚያድናት አስቀድሞ በአደራ ጠባቂዎች ስም የተጻፈ ውል ብቻ ነው። ይህ የተሻሻለው በ1870 እና በ1882 በወጡ ሕጎች ነው። ተፋትቶ ዳግም ለማግባት ደግሞ እስከ 1857 ድረስ በአንድ ሰው ስም የሚወጣ የፓርላማ አዋጅ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ‹እሺ› ያለች ሴት ዕድሜ ልኳን ነው እሺ ያለችው፣ ገንዘቧንም ጨምራ። ሻርሎት በ27 ዓመቷ ኮሊንስን ስትቀበል ምን እንደምትገዛና ምን እንደምትከፍል አስልታ ያደረገችው ነው፤ ተርጓሚ ሊያዝንላትም ሊንቃትም አይገባም።

ከዊካም ጋር የኮበለለችውን የታናሽ እህታቸውን የሊዲያንም ሒሳብ ልብ ይበሉ። ዳርሲ የዊካምን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ከፈለ፣ በሊዲያ ስም ሌላ 1,000 አስቀመጠ፣ የመኮንንነት ማዕረጉንም ገዛለት። አባትየው የተጠየቁት በሕይወት እስካሉ በዓመት 100 ፓውንድና ከ5,000ው ድርሻዋን ብቻ ስለሆነ ወዲያው ጠረጠሩ፤ ዊካም ከ10,000 በታች ተቀብሎ የሚያገባት ሞኝ ቢሆን ነው ብለው አሰቡ። እዚህ ላይ ‹ጥሎሽ› ካለ ትዕይንቱ በሙሉ ይገለበጣል፣ አባት ተቀባይ ይሆናሉ።

አጥቢያ

ስለ ሽማግሌው። ሽማግሌ ያልተላከው ደፍረው ወይም ንቀው አይደለም። በእኛ ልማድ ጥያቄው ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ ሄዶ በመጨረሻ ልጅቷ ዘንድ ይደርሳል፤ በኦስተን ዓለም መጀመሪያ ልጅቷ ትጠየቃለች፣ እሺ ካለች በኋላ አባት ይጠየቃሉ። ዳርሲ ምዕራፍ 58 ላይ መልሷን አግኝቶ ነው በማግሥቱ ማታ አባትየውን ተከትሎ ወደ መጻሕፍት ክፍላቸው የገባው። ኮሊንስ እናትየውን አስፈቅዶ ነው ለብቻዋ ያነጋገራት። ዳሩ ግን ያ ብቻነት ራሱ የቤተሰብ ሥራ ነው፦ እናት ታናሺቱን ይዘው ሲወጡና ኤልሳቤጥን ‹‹ቁጭ በይ›› ሲሏት፣ ሽማግሌው የሚሠራውን ሥራ እየሠሩ ነው። ይህን በአማርኛ ሲያወጡ የእናትየውን ትእዛዝ አያለስልሱ።

ከዚያ በፊት ያሉት ደረጃዎች ካልታዩ ጥያቄው ከሰማይ የወረደ ይመስላል። መጀመሪያ ትውውቅ አለ። ሴቶቹ አዲስ የመጣውን ወንድ ራሳቸው ሄደው መጠየቅ ስለማይችሉ አባት ቀድመው ቢንግሊን ቤቱ ሄደው መጎብኘት አለባቸው፤ የምዕራፍ 1 ጭቅጭቅ በሙሉ ይህ ነው። ‹መጎብኘት› የሚለው ቃል ተራ ጥየቃ ስለሚመስል ‹ሄዶ መተዋወቅ› ይበሉት።

ቀጥሎ ዳንስ ይመጣል። አንድ ግብዣ ማለት ሁለት ተከታታይ ዳንስ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ወንድና ሴት ያለ ጠባቂ ጆሮ ሊነጋገሩ የሚችሉት ሰው በሞላበት አዳራሽ መካከል በዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። ከአንድ ሰው ጋር ሁለት ጊዜ መደነስ ወሬ ያስነሣል፤ ቢንግሊ ጄንን በመጀመሪያው ማታ ሁለት ጊዜ ማስነሣቱን እናትየው የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። ሴቷ አንዱን እምቢ ካለች ያን ማታ ከሌላ ጋር መደነስ ነውር ነው። ስለዚህ ኤልሳቤጥ በቢንግሊ ቤት፣ ኔዘርፊልድ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዳንሶች ለኮሊንስ መስጠቷ ከደግነት አይደለም፤ እምቢ ብትል ማታውን በሙሉ ወንበር ላይ ማሳለፏ ነው። ‹‹ኖርዛንገር አቢ›› ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ ዳንስንና ጋብቻን ሲያመሳስል በሁለቱም የመምረጥ ዕድል የወንዱ፣ የሴቷ ሥልጣን እምቢ የማለት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የኦስተንን መጻሕፍት በሙሉ የሚከፍት ቁልፍ ቢኖር ይህ ነው እላለሁ።

ደብዳቤ ደግሞ ላልተጫጩ ሰዎች አይፈቀድም። ዳርሲ ምዕራፍ 35 ላይ ያን ረጅም ደብዳቤ በፖስታ ያልላከው፣ መናፈሻው አጠገብ ጠብቆ በእጇ የሰጣት ለዚህ ነው፤ በፖስታ ቢመጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያያል፣ ስሟ ይነሣል። ‹‹ሰጣት›› ብለው ብቻ ካለፉ ይህ ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴቷ የተያዘችበትን ወጥመድ የምትናገረው ሻርሎት ናት፣ ምዕራፍ 6 ላይ፦ ጄን ስሜቷን ከደበቀች ወንዱ ልቡ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ከሚሰማት አስበልጣ ታሳይ ትላለች። እናም የተባለው ደረሰ፤ ዳርሲ ጄን ግድ የላትም ብሎ ቢንግሊን ለየው። በሌላው ጫፍ ሊዲያ አለች፣ ምንም ያልደበቀች። የእኛ ‹ጨዋ ልጅ› የሚለው አነጋገር ለጄን በጣም ስለሚስማማ አደገኛ ነው። በአማርኛ ጨዋነቷ ምስጋና ብቻ ይሆናል፤ በመጽሐፉ ግን ባሏን ሊያሳጣት ምንም አልቀረውም።

ስለ ሠርጉ ሕግ አጭሩን ልበል። የ1753ቱ የጋብቻ ሕግ፣ በሥራ የዋለው ከመጋቢት 25 ቀን 1754 ጀምሮ፣ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት እሑድ ከታወጀ በኋላ ወይም በፈቃድ ወረቀት እንዲሆን አዘዘ። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው በፈቃድ ወረቀት ለማግባት የወላጅ ይሁንታ ያስፈልገዋል። ስኮትላንድ በዚህ ሕግ አትገዛም፤ ሊዲያ ወደ ስኮትላንዷ መንደር ወደ ግሬትና ግሪን እንሄዳለን ብላ የጻፈችው ለዚህ ነው። ምዕራፍ 51 ላይ በሠርጓ ጧት አጎቷ ዘግይተው ቀኑ እንዳይበላሽ መጨነቋን ስትተርክ ደግሞ አንባቢ ነገሩ አይገባውም። ጋብቻ የሚፈጸመው ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ካለፈ በዚያ ቀን የለም። ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፦ ሠርጉ ‹ኢለቨን› ሲል አምስት ሰዓት ነው።

አሁን ቃላት። ‹ተዳረች› እና ‹አገባች› አንድ አይደሉም። ሻርሎት አገባች፣ አልተዳረችም። ሊዲያ ኮበለለች፤ ‹ጠለፋት› ካሉ ፈቃዷ ይጠፋል፣ ‹አብራው ጠፋች› ብቻ ካሉ ደግሞ የዊካም ጥፋት ይጠፋል። ‹አስኮበለላት› ሁለቱንም ይይዛል። ‹እጮኛ› የሚለው እሺታ ከተሰጠ በኋላ ብቻ ይግባ፤ ቢንግሊ ለ50 ምዕራፍ ያህል የጄን እጮኛ አይደለም። ‹እጇን ጠየቀ› ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው፣ ‹ለጋብቻ ጠየቃት› ይበቃል። ‹ላቨር› በኦስተን ዘመን ፈላጊ ወይም ከጃይ ማለት ነው፤ ‹ውሽማ› ከተጻፈ ስም ማጥፋት ነው። ከሁሉም የከፋው ‹ሜክ ላቭ› ነው። ምዕራፍ 53 ላይ ሚስተር ቤኔት ዊካም ለሁላችንም እንዲህ ያደርግልናል ሲሉ ያባብለናል፣ ይለማመጠናል ማለታቸው ነው። ‹‹ኤማ›› ውስጥም ኤልተን ሠረገላ ላይ ኤማን የሚያደርጋት ይኸው ነው፤ እጇን ይዞ ፍቅሩን ያዥጎደጉድላታል፣ ሌላ ምንም የለም። በዛሬው ትርጉሙ ከተመለሰ መጽሐፉ ወንጀል ይሆናል።

ቀለም ቀንድ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ‹የታሰረ ርስት› እና ‹አስኮበለላት› ዛሬውኑ ገብተዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ኮሊንስን ‹ቄስ› ብዬው አንድ አንባቢ ‹‹ከቀሰሰ በኋላ እንዴት ሚስት ይፈልጋል?›› አለኝ። ሁለተኛ፣ ሚስተር ቤኔት ሚስታቸውን ምን ይበሏት? ከዚያ ምዕራፍ 19 እንዳይረሳብኝ።

አጥቢያ

አንባቢው ልክ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን አግብቶ ይቀስሳል እንጂ ቄስ ሆኖ አያገባም። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ግን ከክህነት በኋላ ማግባት ይቻላል፤ ኮሊንስ የተካነው በዚያው ዓመት ፋሲካ ነው። ‹ቄስ›ን ይያዙና መጀመሪያ በሚጠራበት ቦታ ‹የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ› ይበሉት፣ ከሥር አንድ መስመር ማስታወሻ ያክሉ። ‹ሊቪንግ› የሚባለውን ‹መተዳደሪያ› ብለው አይለፉት። አሥራት የሚያስገባ የደብር ሹመት ነው፣ ሰጪዋም ሌዲ ካትሪን ናት፤ ኮሊንስ በሴትዮዋ ፊት የሚያጎነብሰው ከዚህ የተነሣ ነው፣ አግባ ብላ ስትመክረውም ምክሩ ትእዛዝ የሚሆንበት ለዚሁ ነው።

የሚስተር ቤኔት ነገር ላይ ከሰዋስው ሠንጠረዥ ትንሽ እለያለሁ። በአጠራር ብቻ ከሄድን ‹ሚስስ ቤኔት› ስለሚሏት ‹እርስዎ› ሊሏት ነው። በድሮው አማርኛ ግን ሚስት ባሏን ‹እርስዎ›፣ ባል ሚስቱን ‹አንቺ› ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነው፤ አንባቢ በዚያ ዕድሜ ካለ ባል የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው።

ሰዋስው

የተለመደ ስለሆነ ነው የምፈራው። ‹አንቺ› ካሏት ተራ ባል ይሆናሉ፣ ቅርበት ይመጣል። የሚስተር ቤኔት በደል ግን በጨዋ ቃል መሸሻቸው ነው፤ ሚስታቸውን በልጆቿ ፊት ያቃልሏታል፣ አንድም ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ከሁለቱም ወገን ‹እርስዎ› ሲሆን ያ ቅዝቃዜ ይሰማል። ምዕራፍ 20 ላይ ይፈትኑት፤ እናትየው ኮሊንስን ካላገባች ዓይኗን አላይም ሲሉ፣ አባትየው ደግሞ ካገባች እኔ አላይሽም ብለው ለኤልሳቤጥ ይፈርዳሉ። ለሚስት ‹እርስዎ›፣ ለልጅ ‹አንቺ› በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ልባቸው ለማን እንደሚቀርብ ይታያል። በሦስት ምዕራፍ ላይ ሁለቱንም መንገድ ይሞክሩና ለአንባቢዎችዎ ያንብቡላቸው።

ማኅደር

ምዕራፍ 19ን የያዝኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ጥያቄውን እንደጻፉት ከሆነ ስሕተቱ የት እንዳለ እገምታለሁ፦ ኤልሳቤጥን ‹ይቅርብኝ› አስብለዋታል።

ኮሊንስ እምቢታዋን የሚሰማው የእኛ ሰው ገበታ ላይ እንግዳውን እንደሚሰማው ነው። እንግዳ ‹ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ› ሲል ማንም አያምነውም፤ ‹በሞቴ› ይባላል፣ ይጎረሳል፣ መጀመሪያ እምቢ ማለቱም ከጨዋነት ይቆጠርለታል። ኮሊንስም በቃሉ ይህንኑ ይላል፤ ሴቶች ሊቀበሉት ያሰቡትን ሰው መጀመሪያ እምቢ ማለታቸው የተለመደ ነው፣ አንዳንዴም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይደግሙታል ብሎ ያጽናናል ራሱን። ስለዚህ በአማርኛ የግብር ይውጣ እምቢታ የሚመስል ቃል ሁሉ፣ ‹ይቅርብኝ›፣ ‹እንጃ›፣ ‹ኧረ ተዉ›፣ ከኤልሳቤጥ አፍ ከወጣ አንባቢው ከኮሊንስ ጋር ይስማማል። ትዕይንቱ አስቂኝ የሚሆነው፣ በኋላም የሚያስጨንቀው፣ እሷ ግልጽ ስትሆን እሱ ‹በሞቴ› እያለ ሲቀጥል ነው።

‹እምቢ› የሚለውን ብቻውን አልመክርም፤ ከ‹እርስዎ› ጋር ሲጣመር የተቆጣ ልጅ ያስመስላታል። እንዲያውም ጨዋነቷን ሙሉ በሙሉ ትያዝ፣ ግሡ ግን በር አይክፈት። በእንግሊዝኛው እምቢታዋ እየተራቆተ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ምስጋና ለብሶ ይመጣል፣ ከዚያ ምክንያት ብቻ ይይዛል፣ በመጨረሻ ባዶውን ይቆማል። በአማርኛ የመጀመሪያው ‹‹ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎን ግን ልቀበለው አልችልም›› ይሁን። ሁለተኛው ‹‹ከልቤ ነው የምናገረው፤ እርስዎ እኔን ደስተኛ ሊያደርጉኝ አይችሉም፣ እኔም እርስዎን››። ሦስተኛው ላይ ምስጋናውም ምክንያቱም ይውደቅ።

እዚያ ጋ ራሷን የምትጠራበት ቃል ከባዱ ነው። እንደሚያምር ሴት ሳይሆን እንደ አእምሮ ያለው ፍጡር ቁጠረኝ ትለዋለች፤ ‹ራሽናል ክሪቸር›። ‹ምክንያታዊ ፍጡር› የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ይሸታል። ‹ማሰብ የምችል ሰው› ይበሉ፤ ‹ሰው› የሚለው ቃል ጾታ ስለማይለይ ልትል የፈለገችውን በትክክል ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ትወጣለች። ከዚህ ቀደም ያነበብናቸው ትርጉሞች ላይ የሴት ዝምታ እሺታ ስለሚመስል ይህን አንቀጽ አያሳጥሩት፤ አባቷ ዘንድ ልትሄድ መወሰኗ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ፣ የአባት ቃል ቢያንስ እንደ ሴት ማሽኮርመም ሊተረጎም አይችልምና። እንዲህ ቢነበብ፦ ‹‹ኤልሳቤጥ መልስ አልሰጠችውም። ከዚህ በኋላ እምቢታዋን እንደ እሺታ ከቆጠረ ጉዳዩን ለአባቷ ልትነግር ወሰነችና ዝም ብላ ከክፍሉ ወጣች።››